ጅብ ኮሶዬ ላይ ስንት ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን ያየሁት በእጄ ላይ ነው፤ የእድራችን ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ከቆመ ቆይቷልና አላምነውም። ምዝገባው ሊጀመር ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ከክፍሏ በር ላይ ዐሥራ አንድ ሰዎች ተሰልፈው አገኘሁ። እኔ የጠበቅሁት ልጆችን ነበር። ከዐሥራ አንዱ መካከል ግን ዕድሜው ከሃያ በታች የሆነ አንድም አልነበረም።

ከሰልፉ ራስ የቆመችው ሴት ክላሰር በደረቷ ታቅፋለች።

«መምህር፣ የድሮውን ካርታ በአዲሱ የምትለውጡት እዚህ ነው?» አለችኝ።

ከኋላዋ ስድሳ ዓመት የሚሆነው ሰው እናቱን በዱካ ላይ አስቀምጦ ጥላ ይዞላቸዋል። «ማስታወቂያው ‹ከወላጅ ጋር ይቅረቡ› ስለሚል ነው» አለ፤ «አባቴ ዐርፈዋል፤ እናቴን አመጣሁ። ይበቃል?»

«የት ላይ ነው የምፈርመው?» አሉ እናትየው።

«ገና ነው እማዬ።»

ከሰልፉ ጭራ ሁለት ጎረምሶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንደኛው አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ኮንከር ነው? ስንት ስንት ሰው ነው የሚቀመጠው?» ሲል ጠየቀ።

ማስታወቂያውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። «የካርታ ልውውጥ ማኅበር ምዝገባ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ተመዝጋቢዎች ከወላጅ ጋር ይቅረቡ» ይላል። ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ የሰዋስው ግድፈት አልነበረበትም። ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው፣ ካርታ የሚለው ቃል ለባለ ቤት የይዞታ ማረጋገጫ፣ ለጎረምሳ ደግሞ ቁማር መሆኑን እንዴት እንደዘነጋሁ ዛሬም ለራሴ ማስረዳት አልችልም። ዐሥራ አንዱንም በየተራ ይቅርታ ጠይቄ አሰናበትሁ። እናትየው ግን ሳይፈርሙ መመለሳቸው አላስደሰታቸውም።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ውስጥ ከቤቴ አጥር ሥር፣ ባጃጅ ከሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ የሰፈሩ ልጆች ተደርድረው ይቀመጡ ጀመር። ከባሕር ማዶ የመጡ፣ እሳት የሚተፉ ፍጥረታት የተሣሉባቸው ካርታዎች ይዘዋል። ሁለት ልጆች አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ከዚያ ጩኸት ይነሣል፤ ከዚያ አንዱ ሁለቱንም ያነሣል። ሦስት ቀን ቆሜ ተመለከትሁ። አሸናፊው በምን እንደሚለይ ሊገባኝ አልቻለም። በአራተኛው ቀን ጠየቅሁ።

«የሚያብረቀርቀው ይበላል፣ ጋሼ።»

«ሁለቱም ቢያብረቀርቁስ?»

«ቀድሞ የጮኸው።»

«ደንቡ ምንድን ነው?»

«ደንብ የለውም፤ ዝም ብሎ ነው።»

«ዝም ብሎ ነው» የሚለውን ሐረግ በዘመኔ ሁሉ ታግሼው አላውቅም። ተማሪ ጽፎልኝ ሲገኝ በቀይ አስምሬ ዜሮ እሰጥ ነበር። በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት አንዱን ሕፃን ባጃጅ ጫማውን ረግጦት አለፈ፤ እግሩ በአንድ ጣት ርቀት ተረፈ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ልጆቹን ወደ ሳሎን ላስገባቸው ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ «ሃያ ልጅ ከዚህ ምንጣፍ ላይ ከወጣ እኔ እወርዳለሁ» አለች። ስለዚህ ደንብም ክፍልም ማግኘት ነበረብኝ።

ደንቡ አንድ ወር ፈጀብኝ። የራሳችንን ካርታ ሠራሁ፤ በማኒላ ወረቀት ላይ የአገራችንን አራዊት ሣልሁ፤ ዋሊያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ከርከሮ፣ ጅብ፣ ዘንዶ፣ ሌሎችም። ለእያንዳንዱ አውሬ የኃይል ቁጥርና የሚኖርበትን አየር ጠባይ ጻፍሁ፦ ቆላ፣ ወይና ደጋ ወይም ደጋ። ከመካከል የቦታ ካርታ ይገለጣል፤ ኮሶዬ ከወጣ ደጋ ነው፣ ሳንጃ ከወጣ ቆላ ነው። በአገሩ ላይ ያለ አውሬ ኃይሉ ሙሉ ነው፤ ካገሩ የወጣ ግማሹን ያጣል። ይህ ሁሉ በሠላሳ አራት አንቀጽ ተደንግጓል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ የዋሊያውን ቀንድ በሕዳጉ ቆርጦ አጋሰስ አስመስሎብኝ ስለነበር ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ።

ክፍሏን የሰጡን የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከድንኳኑና ከድስቱ ዕቃ ቤት ጋር የተያያዘች፣ ሁለት መስኮት ያላት ክፍል ናት። ሊቀ መንበሩ ሠላሳ ዓመት ከጎንደር ደባርቅ የጭነት ማኪና የነዱ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው።

«ልጆቹ ከመንገድ ከተነሡ ለማኪናም ሸጋ ነው» አሉኝ። «እስከ ጥር ሞክሯት። ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል። ግን መምህር፣ ቁማር የሆነ እንደሆነ በማግሥቱ ቁልፌን እቀበላለሁ።»

ቃል ገባሁ። እንግዲህ ቁልፉ ከተወሰደ ልጆቹ ወደ ባጃጁ ጥግ ይመለሳሉ ማለት ነው። ስለ ራሴም አንድ ነገር ልጨምር፦ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ የጻፍሁትን አንብቦ እንደ ጻፍሁት የሠራልኝ ሰው ቢኖር እነዚያ ልጆች ብቻ ናቸው።

ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ «ካርታ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው ላይ ሠርዤ «ካርድ» አልሁ። ያን ሳምንት በሩን እያንኳኳ «የሃምሳ አለ? የሃያ አምስትስ?» የሚል የስልክ ካርድ ፈላጊ አላስቀመጠኝም። አንዲት እናት ደግሞ የልጇን ውጤት ልትቀበል መጣች፤ ሒሳብ ላይ ስንት እንዳመጣ ካልነገርኋት አልሄድም ብላ ተከራከረችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከግእዝ ተውሼ «የሥዕለ አራዊት ማኅበር» ብዬ ጻፍሁ፤ እውነቱን ለመናገር በዚህኛው ኮርቼ ነበር። የሰፈራችን ዲያቆን በትሕትና ወደ ጎን ወሰደኝ።

«መምህር፣ ሥዕል ሲባል ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ነው የሚመጣ። ትናንት አንዲት እናት መቃኑን ተሳልመው ሲያልፉ አይቻለሁ።»

ያንንም አነሣሁት። ማኅበሩ እስከ ዛሬ በር ላይ የተጻፈ ስም የለውም። ልጆቹ ግን ካርታ ከማለት አንድም ቀን አልተመለሱም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሃያ ሦስት ልጆች ነበሩን። አንቀጽ ዐሥራ ሁለት ልውውጡን ይደነግጋል፦ አንድ ዋሊያ በሦስት ጅብ ይለወጣል፤ ልውውጡ በሁለት ምስክር ፊት ይፈጸማል፤ ተለዋዋጮቹ እጅ ይጨባበጣሉ። የሰባት ዓመት ልጆች «ምስክር ጥራ!» ሲባባሉ መስማት እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ ማስተማር ላይ ያልቆየ ሰው ላይረዳው ይችላል። ከወላጆችም አቤቱታ ይመጣ ነበር። የሰሊጥ ነጋዴ የሆነ የሳንጃ ተወላጅ አባት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ለደጋው ዋሊያ፣ ለደጋው ጭላዳ፣ ለደጋው ቀይ ቀበሮ። ለሳንጃ ዘንዶና ጊንጥ! ምነው፣ ሳንጃ ምን አደረገዎ? ልጄ ሳንጃ በወጣ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።»

ቈጥሬ አየሁት፤ ሰውየው እውነቱን ነው፤ ቆላው ጉልበት ያለው አውሬ አንሶታል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ብዬ እስከዚያ ድረስ በሁሉም አየር ጠባይ ሙሉ ኃይል የነበረውን ጅብ ቆላ አደረግሁት። ኃይሉ ስምንት ነው፤ ከሳንጃ ሲወጣ አራት። ሁሉንም የጅብ ካርታዎች ሰብስቤ በገዛ እጄ አርሜ መለስሁ። አባትየው አመሰገነኝ።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ችግሩ አንድ ግስ ነው። ልጆች ሲያሸንፉ «በላሁህ» ይላሉ፤ ሲሸነፉ «ተበላሁ»። በማኅበራችን ማንም የማንንም ካርታ አይወስድም፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም የየራሱን ያነሣል፤ አንቀጽ አራት ነው። ግሱ ግን ከአጥር ሥር ተከትሏቸው መጥቷል። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ የዕቃ ቤት ኃላፊያችን ድስት ሊቈጥሩ መጥተው በመስኮቱ በኩል ሰሙ። ብርቱ ጿሚ፣ ብርቱ ተናጋሪም ሴት ናቸው። በሩን ከፍተው ገቡ።

«ምነው መምህር! በነቢያት ጾም ይህ ሁሉ ልጅ ‹ዋሊያ በላሁ፣ ከርከሮ በላሁ› እያለ ይጮሃል? ጾሙስ ይሁን፣ ልጅ ናቸው እንበል፤ ከርከሮ በፍስኩስ ቢሆን ይበላል ወይ?»

«ማሸነፋቸውን ነው» አልሁ።

ዐይናቸውን አጠበቡ። «ማሸነፍን መብላት የሚል ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና የቁማር ሰው ነበር።»

በዚያው ዕለት ለሊቀ መንበሩ ነገሯቸው። ሊቀ መንበሩ ታኅሣሥ 15 ቀን ቅዳሜ ራሳቸው መጥተው እንደሚያዩ ላኩብኝ።

ያን ሳምንት ልጆቹን ግስ አስጠናኋቸው። «በላሁ» ቀርቶ «ረታሁ»፣ «ተበላሁ» ቀርቶ «ተረታሁ»። በሚገባ ያዙት። አንዱ ትንሽዬ ብቻ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ቤት ስሄድስ እራት ረታሁ ልበል?» ብሎ ጠየቀ፤ አልቀለደም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሊቀ መንበሩ ከዕቃ ቤት ኃላፊዋ ጋር ገቡ። ልጆቹ ተነሥተው እጅ ነሡ። ጨዋታው ተጀመረ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር በሥርዓት ሄደ። ከአንዱ ጥግ «በላ... ረታሁት!» ከሌላው «ተበ... ተረታሁ!» ይሰማል። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ በእያንዳንዱ መንተባተብ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞር ይላሉ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በየዱካው መካከል ተመላለሱ።

«ቁማር መሆን አለመሆኑ በመመልከት አይታወቅም» አሉ በመጨረሻ። «ማኪናም ሳይነዳ አይታወቅ። አምጡ እስቲ፣ ልሞክረው።»

ከልጆች ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከጆሯቸው ጋር እኩል ሆነ። ከፊታቸው የተቀመጠችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ኮሶዬ ገበሬ ነው፤ እሷ ለትምህርት አክስቷ ዘንድ ተቀምጣለች። በማኅበሩ ውስጥ ሠላሳ አራቱንም አንቀጾች አንብባ የጨረሰች እሷ ብቻ ናት። አምስት አምስት ካርታ ያዙ።

ሊቀ መንበሩ ቶሎ ገባቸው። የመጀመሪያውን ተረቱ፣ ሁለተኛውን ረቱ፣ ሦስተኛውን ረቱ፤ በአራተኛው እሷ እኩል አደረገች። ሁለት ለሁለት። ልጆቹ የራሳቸውን ጨዋታ ትተው ከበቡ። ሊቀ መንበሩ ኮታቸውን አወለቁ። የመጨረሻው የቦታ ካርታ ተገለጠ፦ ኮሶዬ።

ሊቀ መንበሩ ፈገግ አሉና ጅብን እንደ ቡጢ ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። «ስምንት! እንግዲህ ወዲህ በይ።»

ልጅቷ ጭላዳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። አምስት ናት።

«ተረቱ አያ» አለች።

«ማን? እኔ? ዝንጀሮ ጅብን?»

«ጭላዳ ናት አያ። አገሯ ነው፤ አምስት ሙሉ ናት።»

«ጅብ ኮሶዬ ላይ ስንት ነው?»

«አራት።»

«ማን አለ?»

ልጅቷ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ሃያ ሁለት ራሶች ዞሩ።

«መምህር!» አሉ ሊቀ መንበሩ ከዱካው ሊነሡ እየታገሉ። «ሠላሳ ዓመት በኮሶዬ ነድቻለሁ። በማኪናዬ መብራት ፊት ስንት ጅብ ቆሞ እንዳፈጠጠብኝ ቍጥሩን አላውቀውም። አንድም ቀን ግማሽ ጅብ አላጋጠመኝም! ሙሉ ጅብ ነው! ፍሬን ሲያስይዘኝ ሙሉ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ጅብ ከቆላ እስከ ደጋ የማይኖርበት የለም፤ የጂኦግራፊ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ጎንደር ውስጥ የተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ዓይነት ስሕተት ተማሪ ቢሠራው ኖሮ ምን እንደምጽፍበት አውቃለሁ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ የዚያው አገር ልጅ አይደለሽ? እውነቱን ተናገሪ፤ ኮሶዬ ጅብ የለም?»

«አለ እንጂ አያ። አምና አህያችንን በላ።»

«ይኸው በላ አለች!» አሉ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ።

«ይቈዩ እትዬ፣ ይኼ የእውነቱ መብላት ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ታዲያ ልጄ፣ አህያ የሚበላ ጅብ እንዴት አራት ይሆናል?»

«እኔማ አውቃለሁ አያ። ካርታው ግን አራት ይላል። በጨዋታ ጊዜ የሚጸናው የተጻፈው ነው። አንቀጽ ሰባት።»

የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «መምህር፣ ይስጧቸውና ይሂዱ፤ አንድ ጅብ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። ሊረዱኝ ፈልገው ነው፤ ይህን አልዘነጋላቸውም። እኔም አሰብሁት። «ስሕተት ነው፤ ጅብ ስምንት ነው» ብል ሊቀ መንበሩ አሸንፈው፣ ደስ ብሏቸው፣ ክፍሏን ሰጥተውን ይሄዳሉ። ልጅቷ ደግሞ በጻፍሁት ደንብ አሸንፋ በቃሌ ትሸነፋለች፤ ሃያ ሁለቱም ያያሉ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ አንቀጽ ተመልሶ «ዝም ብሎ ነው» ይሆናል።

ተነሣሁ። «ጅቡ ተሳስቷል፤ ስሕተቱም የእኔ ነው፤ ይታረማል» አልሁ። «ነገር ግን በአንቀጽ ሠላሳ አንድ መሠረት ማሻሻያ ወደ ኋላ አይሠራም። የዛሬው ድል የልጅቷ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ኮታቸውን አንሥተው ለበሱ፤ የጅቡን ካርታ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይህ ማስረጃ ነው» አሉ። «ነገሩን ጠቅላላ ጉባኤው ያየዋል።»

ከኋላ አንድ ትንሽ ድምፅ «አያ በጣም ተበሉ» ሲል ተሰማ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጠቅላላ ጉባኤው በጥር ወር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰበ። የእኛ ጉዳይ ሦስተኛ አጀንዳ ነበር። የምከላከልበትን ነጥብ በአራት ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፦ ስለ ቁማር ትርጉም፣ ስለ አንቀጽ አራት፣ ስለ ባጃጁ። አንዱንም የሚጠይቀኝ አልተገኘም። ሊቀ መንበሩ ኪሳቸውን ከፍተው ጅቡን ለጉባኤው አሳዩና «በመጀመሪያ የዚህን ነገር እውነት እንለይ» አሉ።

አንድ ሽማግሌ የቆላ ጅብ በአካል እንደሚበልጥ ተናገሩ። ሌላው ተነሥተው የደጋ ጅብ ብርዱ ስለሚያስርበው የባሰ ነው አሉ። በልጅነታቸው ከብት የጠበቁ ሦስት ሰዎች ጠባሳቸውን ሊያሳዩ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ያ የሰሊጥ ነጋዴ «የሳንጃን ጅብ አሳልፈን አንሰጥም!» ብሎ ከኋላ ጮኸ። አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። በመጨረሻ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ተነሡ።

«ቁማር ነው አይደለም የሚለውስ? እኔ ያቀረብሁት እኮ እሱን ነው።»

«እሱ ይቈየን» አሉ ሊቀ መንበሩ። «መጀመሪያ ጅቡ ይለቅ።»

ድምፅ ተሰጠ። ለሙሉ ዐሥራ ስምንት፣ ለግማሽ ዐሥራ ስምንት። ሌላው ሰው ምሳው ደርሶበት ሄዷል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ ስላነበብሁት ቃል በቃል አውቀዋለሁ፦ «የጅብ ጉዳይ በይደር ታልፏል፤ የክፍሉ ጉዳይ የጅቡ ጉዳይ ሲያልቅ ይታያል።»

ማሻሻያውን በማኅበሩ በኩል ልጨርሰው ሞክሬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እንደ ፊተኛው ለብቻዬ ማረሙን ትቼ፣ ሐሳቡን ለልጆቹ ድምፅ አቀረብሁ። ግማሾቹ በጩኸት ተቃወሙ። ስጠይቅ ምክንያቱ ወጣ፦ የኮሶዬዋ ልጅ ሊቀ መንበሩ ከተረቱበት ቀን ጀምሮ የማኅበሩን ጅብ ሁሉ በዝግታ፣ በሁለት በሁለት ምስክር፣ እጅ እየተጨባበጠች ሰብስባለች። ዐሥራ አራት ጅብ በእጇ አለ። ጅብ ስምንት ከሆነ የሚረታት የለም።

«ስሕተቱን እንደሚያርሙት ራስዎ አልነገሩንም፣ አያ?» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። ክፍሏ ለማኅበሩ በቋሚነት አልተሰጠችም፤ አልተከለከለችምም፤ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገባሉ። ጉባኤው በጅቡ ጉዳይ እንደገና አልተሰበሰበም። የማኅበሩ ማሻሻያ ለሦስት ጊዜ ቀርቦ ለሦስት ጊዜ ድምፅ አላገኘም። ሊቀ መንበሩ የወሰዱትን ካርታ አልመለሱም፤ ልጅቷንም እንደገና ሊገጥሟት እንደሚፈልጉ ሁለት ጊዜ ልከውብኛል፤ ነገር ግን ጅብ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተሰጣቸው አይቀመጡም። እኔም እስካሁን አልጻፍሁላቸውም።